ያልተመዘገበ ሩብ ዙር

የእህቴ ባል እንግድነት አያውቅበትም። ቤቴ ሲመጣ ገና በወጉ ሰላም ሳይለኝ በሩን ወዲያ ወዲህ ያንቀሳቅሰዋል፤ ከኪሱ ካቻቢቴ ያወጣል፤ «ይቺ ማጠፊያ ላልታለች እኮ» ይላል፤ እኔን የሚስመኝ እሷን ካጠበቀ በኋላ ነው። ወንበር ስሰጠው ሳይገለብጥ ተቀምጦ አያውቅም። አንድ ጊዜ ሆስፒታል ተኝቼ ሊጠይቀኝ መጥቶ የአልጋዬን እግር ሲያጠባብቅ ቆየ። አጠገቤ የተኙት ሴትዮ የጥገና ሠራተኛ መስሏቸው «የእኔንም እይልኝ ልጄ» ሲሉት ተንበርክኮ አየላቸው። እኔን ስለ ሕመሜ የጠየቀኝ ሊወጣ በሩ ጋ ሲደርስ ነው።

ይህ ሰው አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ሃያ ሰባቱን ያሳለፈው መኪና ሥር ተጋድሞ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞቱ፤ ከሥሩ አራት ታናናሾች ነበሩ፤ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ የነበረው ልጅ ጋራዥ ገብቶ ለመካኒኮች ባትሪ ሲያበራ ዋለ። ከዚያ ጎማ ፈቺ፣ ከዚያ ፍሬን ሠሪ እያለ በመጨረሻ ስለ አውቶቡስ የታችኛው ክፍል ነገር ሁሉ እሱ የሚጠየቅ ዋና መካኒክ ሆነ። ታናናሾቹን አስተምሮ ከጨረሰ በኋላ፣ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ላይ፣ አንድ ቀን እህቴን «እኔስ?» አላት። እህቴ ምን ማለቱ እንደሆነ ገባት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት አዛወረችለትና ሳሎኑ የጥናት ክፍል ሆነ። ቀን ጋራዥ፣ ማታ ዩኒቨርሲቲ፤ መካኒካል ምህንድስና።

የማታው ትምህርት ታዲያ ደንብ አለው። በሰባት ዓመት ያልጨረሰ ሰው የተማረው ሁሉ ይሰረዝበታል። ይህ የማወራችሁ ነገር የሆነው በሰባተኛው ዓመት፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ነው። የቀረው አንድ የማታ ኮርስና የሁለት ወር የሥራ ልምምድ ብቻ ነበር። ልምምዱን የሚሠራበት ድርጅት ወረቀቱን ሞልቶ ካልፈረመለት ሰባቱንም ዓመት ውሃ በላቸው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው እኔ የምገባው። የተሽከርካሪ ዕቃ በሚፈተሽበት ላቦራቶሪ የናሙና መዝጋቢ ነኝ። ፍሬን ሸራ ይመጣል፣ ባሌስትራ፣ ያ መኪናውን ከሥር የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ቅጠል፣ ይመጣል፣ የመሪ ዘንግ ይመጣል፤ ቁጥር እሰጠዋለሁ፤ መሐንዲሶቹ ይጫኑታል፣ ያግሉታል፣ ይሰብሩታል፤ ውጤቱን እኔ እተይባለሁ። የአማቼን ደብዳቤ ይዤ ኃላፊያችን ዘንድ ስገባ እድሜውን አይቶ «ይሄ ሰውዬ ልምምድ ነው የሚመጣው ወይስ ጡረታ?» አለኝ። ደሜ ፈላ፤ ግን ለማኝ ነበርኩና ሳቅሁለት። በመጨረሻ ፈቀደ። «አንቺን አምኜ ነው» ያለኝ ቃል ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። ምክንያቱም ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ ሳይታዘዝ የማሽን ቁልፍ ነክቶ በዚያው ቀን ተባሯል። ለዩኒቨርሲቲው ተጽፎበት ዓመቱን ደገመ። የእህቴ ባል የሚደግመው ዓመት አልነበረውም።

የመጀመሪያው ቀን መፈተሻ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በቀይ የተጻፈውን ጣቴን ቀስሬ አስነበብኩት። «ያልታዘዘ አይነካም። ያልተመዘገበ አልተሠራም።» አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ማስታወቂያዋ የተንጠለጠለችበትን ምስማር አየት ሲያደርግ ክንዱን ቆነጠጥኩት።

አለቃው የሆነችው ኢንጂነር ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር የምትጣላ ልጅ ናት። እሷ በእድሜው አፍራ «እርስዎ» ትለዋለች፤ እሱ በማዕረጓ ፈርቶ «እርስዎ» ይላታል። ሁለቱ ሲነጋገሩ ኤምባሲ ውስጥ የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ቴክኒሺያን ግን እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ጋራዥ» ብሎ ጠራው፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። «ይሄን ማሽን አሥራ ስምንት ዓመት ነድቼዋለሁ፤ ከሚስቴ ይልቅ እሱን አውቀዋለሁ» ይላል ቴክኒሺያኑ፤ ሚስቱን አግኝቻት ስነግራት «እውነቱን ነው» አለችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ባሌስትራ ሠሪ ሦስት ናሙና ይዞ መጣ። አሥራ አንድ ሠራተኛ ያለው፣ በገዛ እጁ ብረት እያጋለ የሚያጥፍ፣ ጣቶቹ ወፋፍራም ሰው ነው። ፈተናውን ካለፈ ለከተማው አውቶቡሶች ያቀርባል። ካላለፈ አያቀርብም። ሦስቱም ከአንድ ብረት የተቆረጡ ናቸው ብሎ ፈረመልኝ፤ ቁጥር ሰጠኋቸው።

ፈተናው ሲያዩት ቀላል ነው። ባሌስትራው ወገቡ ላይ በሁለት ዩ-ቦልት፣ እንደ ቀለበት በታጠፉ ቡሎኖች፣ ከማሽኑ ጋር ይታሰራል፤ ስባሪ እንዳይፈናጠር የሽቦ ወንፊት ይከለልበታል፤ ከዚያ የማሽኑ ክንድ ይጫነዋል፣ ይለቀዋል፣ ይጫነዋል፣ ይለቀዋል፤ አውቶቡስ መቶ ሺህ ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እንደ መውጣት ነው። በየሃያ ሺው ማሽኑ ይቆማል። ቴክኒሺያኑ በመብራት ስንጥቅ ይፈልጋል፤ እኔ ቆጣሪውን እመዘግባለሁ፤ ማቆሚያው ብዙውን ጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ ስለሚውል ሁላችንም ወጥተን እንበላለን። የእህቴ ባል ብቻ ምሳውን ከቤት ስለሚያመጣ እዚያው አዳራሹ በር ላይ ተቀምጦ ይበላል።

የመጀመሪያው ባሌስትራ በአምስት ቀን መቶ ሺውን ጨረሰ። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አልተገኘችበትም። ከዚያ ኢንጂነሯ የእህቴን ባል በፕሮግራሙ መሠረት ወደ ፍሬን ክፍል አዛወረችው። ሁለተኛው ባሌስትራ ስልሳ አንድ ሺህ ላይ ተሰበረ። ሦስተኛው ሃምሳ ስምንት ሺህ ላይ። ሁለቱም ወገባቸው ላይ፣ መሐል ባለው ቀዳዳ በኩል ነው የተሰበሩት።

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር!» አለ ቴክኒሺያኑ።

ኢንጂነሯ አልሳቀችም። ከአንድ ብረት የተቆረጠ ነገር እንዲህ አይለያይም አለች። ቀኑን ሙሉ ስታስብ ውላ የደረሰችበትን ረቂቅ ሰጠችኝ፤ ነገ ጠዋት እንድተይበው። ረቂቁ በጨዋ ቋንቋ የሚለው ይህን ነው፦ ሰውየው አንድ ጥሩ ባሌስትራ ከሌላ ቦታ ገዝቶ ከራሱ ሁለት መናኛ ጋር ቀላቅሎ አቅርቧል። አጭበርባሪ ነው ማለት ነው።

ከሥራ ስንወጣ እኔና የእህቴ ባል በአንድ አውቶቡስ ነው የምንሄደው፤ እኔ ወደ ቤቴ፣ እሱ ወደ ማታ ትምህርቱ። ያን ቀን የባሌስትራውን ነገር እንደ ተራ ወሬ ነገርኩት። ማስቲካ እያላመጠ ነበር፤ ማላመጡን አቆመ።

«የት ጋ ነው የተሰበረው?»

«መሐሉ ላይ። ቀዳዳው ጋ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም አልኩህ እኮ።»

«በየማቆሚያው የዩ-ቦልቱን ዳዶ የሚያጠብቀው ማነው?»

«ማንም። እስኪያልቅ አይነካም።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ከፊታችን የተቀመጡት እንዳይሰሙ፣ «እኔ አጥብቄዋለሁ» አለኝ። «የመጀመሪያውን። አራት ጊዜ። እናንተ ምሳ ስትወጡ። ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር።»

ክው አልኩ። «ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን?»

«እኔ እንጃ! ስጀምር አላስታውስም እኮ። ምሳዬን እበላለሁ፣ ቁልፉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ባሌስትራው አዲስ ነው... እጄ ነው ያደረገው።» እጁን ዘርግቶ አየው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «አዲስ ባሌስትራ ሥራ ሲጀምር ቅጠሎቹ ተጫጭነው ይቀመጣሉ፤ ሲቀመጡ ማሰሪያው ይላላል። ጋራዥ እኮ በሳምንቱ መልሰን እንጠራቸዋለን። ሳያጠብቅ የሚለቅ መካኒክ ሰው ገዳይ ነው።»

ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ የሚሉት ለካ ለእሱ ነው። ከማውቀው ቃል ሁሉ የሚከፋውን አልኩት፤ እዚህ አልደግመውም። ቀጥዬ ግን በለሰለሰ ድምፅ «ስማ ጋሼ» አልኩት፣ «ማንም አላየህም። የቀረህ አራት ሳምንት ነው። ዝም አይነቅዝም። ወረቀትህን ያዝና ውጣ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።» እውነቱን ልናገርና፣ ስለ ባሌስትራ ሠሪው አንዴም አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ እህቴ ነው፤ ትንሽም ስለ ራሴ። «እሺ» ብሎኝ ዩኒቨርሲቲው ጋ ወረደ።

የእሱን «እሺ» ስለማውቀው በነጋታው ገና በማለዳ ቤታቸው ደረስኩ። እህቴ ሁለት እጅጌ ስትተረትር አገኘኋት፤ ማታ ገልብጣ ሰፍታቸው ነው። በሃያ ዓመት እንዲህ ስትሳሳት አይቻት አላውቅም። ነግሯታል ማለት ነው። እሱ መስተዋቱ ፊት ቆሞ አገጩን ይላጫል፤ ሁለት ቦታ ቆርጦታል።

«እትዬ፣ ዝም እንዲል ንገሪው» አልኳት።

«ሰውየው ምን ይሆናል?» አለች ከመተርተሯ ቀና ሳትል።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ባሌስትራ ሠሪው ነዋ።»

«እሱማ ዕቃው ይመለስበታል። አጭበርባሪ ተብሎ ይጻፍበታል። አንቺስ ምን ትሆኛለሽ? ሰባት ዓመት እኮ ነው!»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ሰባት ዓመት መሆኑን አንቺ አትነግሪኝም፤ የቆጠርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ግን እኔ ራሴ አጥብቤ የሰፋሁትን ቀሚስ ‹ጨርቁ ነው የጠበበው› ብዬ ለሰው መልሼ አላውቅም። ሄዶ ለአለቃው ይንገራት። ከዚያ ወዲያ እንደፍጥርጥሩ።»

ቀና ብላ ስታየኝ ዓይኖቿ ቀልተው ነበር። ባልዋን ተከትዬ ወጣሁ።

ኢንጂነሯን የነገራት እኔና ቴክኒሺያኑ ባለንበት ነው። ቱታውን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ቆሞ፣ ከመጀመሪያው ማቆሚያ እስከ አራተኛው ምን እንዳደረገ ሳያሳምር ተናገረ። ቴክኒሺያኑ «አንተ ጋራዥ፣ በእኔ ማሽን!» ብሎ ጮኸ። ኢንጂነሯ ግን አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እስክሪብቶዋን ከድና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ስንት ዙር?» አለችው።

«ሩብ። መጨረሻ ላይ ከሩብም ያነሰ።»

«መላላቱን በምን አወቁ? ለኩት?»

«አልለካሁም። ቁልፉን ሳስገባ እጄ ላይ ይታወቀኛል።»

«‹እጄ ላይ ይታወቀኛል› ተብሎ ሪፖርት አይጻፍም።»

«አይጻፍም» አላት፤ አንገቱን ደፋ።

ተነሥታ ወደ አዳራሹ ሄደች፤ ሦስታችንም ተከተልናት። ሦስቱን ባሌስትራዎች ጎን ለጎን አስደርድራ መብራቱን ወገባቸው ላይ አዞረች። እዚህ ላይ ለእኔ ለጸሐፊዋ እንኳ የታየኝን ልንገራችሁ። የተሰበሩት ሁለቱ ቀዳዳቸው ዙሪያ እንደ ማንኪያ ያበራሉ፤ ማሰሪያው ሥር ሲንሸራተቱ፣ ሲፋተጉ ከርመዋል። ያልተሰበረው ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። ኢንጂነሯ በጣቷ ነካችው። ከዚያ ከመደርደሪያ የአውቶቡሱን የጥገና መጽሐፍ አውጥታ ስትገልጥ ቆየችና አንድ ገጽ ላይ ቆመች። አዲስ ባሌስትራ በተገጠመ በመጀመሪያው ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ ማሰሪያው ዳግም መጥበቅ አለበት ይላል። የእኛ የፈተና መመሪያ ግን ይህን አይልም። መመሪያውን የጻፈው ሰው፣ ነፍሱን ይማረው፣ አንድም ቀን መኪና ሥር ገብቶ አያውቅም ነበር።

ኃላፊው ሲሰማ በዚያው ቀን ሊያባርረው ፈለገ። ኢንጂነሯ ገብታ ተከራከረችው፤ ለእሱ አዝናለት አይመስላችሁ፣ ጥያቄው ሳይመለስ ማደሩ ስላናደዳት ነው። ስትወጣ የወሰኑትን ነገረችው።

«ሦስት አዲስ ናሙና እናስመጣለን። በየማቆሚያው ጥብቀቱ በመለኪያ ተለክቶ፣ ተስተካክሎ፣ ተመዝግቦ ይቀጥላል። ሦስቱም መቶ ሺህ ከደረሱ ያሉት ልክ ነው፤ ወረቀትዎን እሞላለሁ። ከተሰበሩ ግን ያደረጉት ሳይታዘዙ ማሽን መንካት ብቻ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲው የምጽፈውም ይህንኑ ነው። እስከዚያ እጅዎ ኪስዎ ውስጥ ይሁን።»

ቴክኒሺያኑ ከማሽኑ ሁለት እርምጃ ርቆ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ቀባ፤ ከመስመሩ ወዲህ ወንበር አኖረ። «ጋራዥ፣ ድንበርህ ይሄ ነው» አለው።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ አርባ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው እጁን ኪሱ ከትቶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አየሁ። ሦስት ባሌስትራ፣ ለእያንዳንዱ አምስት ቀን፤ የመጨረሻው የሚያልቀው የልምምዱ ጊዜ በሚያልቅበት ዓርብ ነው። አንዲት ቀን ብትባክን አለቀለት። የመጀመሪያው ቀን ሃያ ሺህ ላይ ማሽኑ ሲቆም ሳይታወቀው ተነሥቶ ነበር፤ ቴክኒሺያኑ «መስመር!» ብሎ አምባረቀበት፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

ቴክኒሺያኑ መለኪያውን ቁልፍ ዳዶው ላይ አስገብቶ አነበበ። አውጥቶ ደግሞ አስገባና ደግሞ አነበበ። ከታሰረበት ጥብቀት ሲሶው የለም። በአንድ ቀን!

«አሥራ ስምንት ዓመት» አለ ለራሱ። «አሥራ ስምንት ዓመት ስንት ሰው በከንቱ መልሰናል?» ያን ቀን ከሰዓት ለአማቼ ሻይ አምጥቶ ቢጫውን መስመር ተሻግሮ በእጁ ሰጠው፤ በማግሥቱም እንዲሁ። «ጋራዥ» ማለቱን ግን አልተወም።

አንደኛው አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። እህቴ ማታ ማታ ስልክ እየደወለች «ስንት ደረሰ?» ትለኛለች፤ ቁጥሩን እነግራታለሁ፤ ሌላ ነገር ሳንነጋገር እንዘጋለን። ሦስተኛው ዓርብ ዕለት ጠዋት ሰማንያ ሺህ ላይ ተነሣ። ባሌስትራ ሠሪው ከማለዳው ጀምሮ ኮሪደር ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እኔ ምሳ አልበላሁም፤ ቢሰጠኝም አይወርድልኝም ነበር።

ዘጠና ሰባት ሺህ ላይ ማሽኑ ውስጥ «ቋ!» አለ።

ቴክኒሺያኑ ማቆሚያውን መታው። ኢንጂነሯ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ባሌስትራ ሠሪው ድምፁን ሰምቶ በሩ ላይ ቆሟል። የእህቴ ባል ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

«ባሌስትራው አይደለም» አለ ከወንበሩ። «የመከላከያው ወንፊት ናት። በግራ፣ የታችኛዋ ቡሎን።»

ቴክኒሺያኑ ተንበረከከ። መብራቱን አስገብቶ መጀመሪያ ባሌስትራውን አየ፤ ቅጠል በቅጠል፣ ቀዳዳው ዙሪያ፣ ጫፍና ጫፉ። ደኅና ነው። ከዚያ ወንፊቱን በእጁ ነካው፤ ተንጠለጠለ። የግራ የታችኛዋ ቡሎን ተፈትታ ልትወድቅ ነው።

«እና... ላጥብቃት?» አለ የእህቴ ባል። ሁለቱ እጆቹ ከኪሱ ወጥተዋል።

«ኧረ ተቀመጥ!» አልነው እኔና ቴክኒሺያኑ እኩል።

ኢንጂነሯ እጇን ከአፏ አወረደች። ወደ እኔ ዞራ «ጻፊ» አለችኝ። «ዘጠና ሰባት ሺህ ላይ የመከላከያው ቡሎን ላልታ ተገኘች። እንድትጠብቅ ታዟል። ያጠበቀው፣ ተለማማጁ።» ከዚያ ወደ እሱ፦ «ይግቡ።»

መስመሩን ሲሻገር እንዴት እንደሄደ ብታዩ፤ ኩሬ የሚሻገር ነበር የሚመስለው። አጠበቃት። እኔ መዘገብኩ። ማሽኑ ተነሣ፤ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ቆጣሪው መቶ ሺህ ላይ ቆመ፤ ቴክኒሺያኑ ለመጨረሻ ጊዜ ተንበርክኮ ፈተሸና «ንጹሕ!» ብሎ መብራቱን አጠፋ።

እፎይ! እንዲህ ያለ እፎይታ አይቼ አላውቅም። የናሙና ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ፤ በኋላ እንደገባኝ ሣጥኑ ግራሶ የተቀባ ነበር፤ የቀሚሴን እድፍ እህቴ እስከ ዛሬ ልታስለቅቅልኝ አልቻለችም። ባሌስትራ ሠሪው ኮፍያውን እየጠመዘዘ ገባና «የትኛው ነው እሱ?» አለ። አሳየነው። የእህቴን ባል እጅ በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ፤ ሁለቱም እጃቸው እኩል ሻካራ ነው። «እኔም እኮ ለደንበኛ ሁሉ ‹በሳምንቱ ተመለሱና ላጥብቀው› እላለሁ» አለ። «እዚህ ግን መሐንዲሶች ናቸው፣ ምን ብዬ ልንገራቸው?» ኢንጂነሯ ሰምታ ጆሮዋ ቀላ።

ያን ዕለት ከሰዓት የልምምዱን ወረቀት ሞላች። ማኅተም የማስመታው እኔ ስለሆንኩ ሁሉንም አነበብኩት። አሥር ጥያቄ አለው፤ ለእያንዳንዱ ከአሥር ይሰጣል። ሰባት፣ ስምንት፣ ለሥራ ዕውቀቱ አሥር። «ደንብና መመሪያ አክባሪነት» በሚለው ላይ ሁለት። ማለፊያው በድምሩ ስልሳ ነው፤ እሱ ሰባ አራት አገኘ።

«ከዚህ በላይ ብሰጥዎ መዋሸት ይሆንብኛል» አለችው።

«ሁለቷም በዝታለች» አላት።

ያኔ ነው ኢንጂነሯ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት። ኮሪደሩን የሚሞላ ሳቅ አላት፤ ለካ እስከዛሬ ስትቆጥበው ነው የኖረችው። ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ። የኛ ላቦራቶሪም መመሪያውን አረመ፤ ኃላፊው በፊርማው አጸደቀው። «አንቺን አምኜ ነው» ያለኝን ቃል አስታውሼው ነበር፤ የረሳ መስሎ ወረቀቱን ሰጠኝ።

የማታ ኮርሱን ፈተናም በዚያው ሰሞን ተፈተነና አለፈ። እንኳን ደስ ያላችሁ ልላቸው ሰኞ ከሥራ መልስ ቤታቸው ሄድኩ። ገና አሥራ አንድ ተኩል ነበር፣ ፀሐይዋ እንኳ አልገባችም። እህቴ የስፌት መኪናዋን ወደ ሳሎን መልሳ መስኮቱ ሥር አድርጋዋለች። የልምምዱ ወረቀት ግልባጭ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የቁልፍ መያዣ አስቀምጣበታለች፣ ነፋስ እንዳይወስደው። ባልዋ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሏል። የሚሄድበት የማታ ትምህርት የለም፤ ምንም አይሠራም። እንዲህ ባዶ እጁን ሲቀመጥ የት እንደሚያደርጋቸው አያውቅም፤ አንዴ ጉልበቱ ላይ፣ አንዴ ብብቱ ሥር ያደርጋቸዋል። እህቴ እየሰፋች በየመሐሉ ቀና እያለች ታየዋለች፤ እንዳለ ለማረጋገጥ ይመስለኛል።

ትንሿ ልጃቸው ስድስት ዓመቷ ነው፤ የተወለደችው እሱ አንደኛ ዓመት ሳለ ነው። ደጅ ስትጫወት ቆይታ ላብ በላብ ሆና ገባች፤ አባቷን ስታይ ባለችበት ቆመች። ወደ እኔ አየች፣ ወደ እናቷ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ሄዳ የቆሸሸች መዳፏን ግንባሩ ላይ አደረገችለት።

«አባዬ፣ አሞህ ነው?»

እህቴ መኪናዋን አቆመች። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጅቷ አባቷን በሥራ ቀን በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ያየችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ታሞ ተኝቶ ነበር።

«አላመመኝም ልጄ» አላት።

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

ልጅቷን ብድግ አድርጎ ጭኑ ላይ አስቀመጣት።